የዓሣ ጫጩት ከመጨመር በፊት፦ የሎጎ ሐይቅ ቆሮሶ መቀነሱን በምን እናውቃለን?

ጥያቄው፦ ጠያቂው በደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ በሎጎ ሐይቅ ዳር የሚሠራ የዓሣ አጥማጆች ማህበር ጸሐፊ ናቸው። «ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ፣ ኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት የድንጋይ ክምር) ላይ እየዋኙ ዓሣ ሲቆጥሩ በቪዲዮ አየሁ። እኛ ጋ ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አንሶ መዳፍ አክሏል፤ መረብ ስንጨምርም ኪሎው አልጨመረም። ግማሹ አባል ጫጩት ይጨመርልን ይላል፤ ግማሹ ሐይቁ ለአንድ ዓመት ይዘጋ ይላል። ዓሣው መቀነሱን በምን እናረጋግጣለን? የትኛውስ ይሻለናል?»

ምላሽ፦

በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ነገር «መረብ ስንጨምርም ኪሎው አልጨመረም» ያሉት ነው። ብዙ ማህበር የሚጽፈው ገበያ የወጣውን ኪሎ ብቻ ስለሆነ ዓሣው እያለቀ መሆኑን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው። ዓሣ ሲቀንስ ሰው መረብ ይጨምራል፣ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ዐይኑ ጠበብ ያለ መረብ ይገዛል። በዚህ ሁሉ ድካም ኪሎው ለጊዜው ባለበት ይቆማል። ድካሙ የማይበቃበት ቀን ሲመጣ ግን በአንዴ ይወርዳል። ስለዚህ ኪሎው ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ኪሎውን ለማውጣት የተደከመው አብሮ መጻፍ አለበት።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርዎ። ጫጩት መጨመርም ሆነ ሐይቁን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የመጀመሪያ እርምጃ መሆን የለባቸውም። መቅደም ያለበት የመረቡን ዐይን ማስፋትና ቆሮሶው የሚራባበትን ዳር መጠበቅ ነው። ይህን በእኔ ቃል ብቻ እንዳትቀበሉት፣ በራሳችሁ መዝገብ የምታረጋግጡበትን መንገድ ዘርዝሬ እጽፋለሁ።

ቪዲዮው ላይ ያዩት ቆጠራ እንዲህ ይሠራል። ጠላቂው ሪፉ ላይ 50 ሜትር ርዝመት ያለው መለኪያ ይዘረጋል፤ ከመለኪያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሜትር ተኩል፣ በድምሩ 5 ሜትር ወርድ ውስጥ ያለውን ዓሣ ብቻ ይቆጥራል። በአንድ ዙር የሚሸፍነው 250 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው። ሲዘረጋ ዓሣው ስለሚደነግጥ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል፤ ከዚያ በመጀመሪያው ዙር ትልልቆቹንና ፈጣኖቹን፣ ሲመለስ ደግሞ ድንጋዩ ሥር የሚሸሸጉትን ትንንሾች ይቆጥራል። የእያንዳንዱንም ርዝመት በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ገምቶ ይጽፋል፤ ክብደቱ የሚሰላው ከርዝመቱ ነውና። ቀይ ባሕርን በመሰለ ጥርት ያለ ውኃ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው።

ለሎጎ ሐይቅ ግን አይሆንም። የውኃ ጥራት የሚለካባት ነጭና ጥቁር ሳህን ቀድሞ፣ በፈረንጆቹ 20ኛ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ እስከ 9 ሜትር ወርዳ ትታይ ነበር። ቆሮሶ ሐይቁ ውስጥ ከገባ በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ግን 2 ሜትር ሳትደርስ የጠፋችበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ውኃ ጠላቂ የሚያየው እጁን ነው። ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ መለኪያ የሚዘረጋው ዳር ዳሩን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከሪፍ ቆጣሪዎች የምትወስዱት ደንብ አለ፦ ቦታና ዘዴ ከዓመት ዓመት አይቀያየርም፤ ቁጥርም ያለ ርዝመት አይጻፍም። በዚህ ደንብ ከተሠራ መረባችሁ ራሱ ቆጣሪ ይሆናል።

ከቆጠራ መነሻ እንጀምር። በሐይቁ ዙሪያ ዓሣ የሚወርድበትን ቦታ ሁሉ አንድ ጊዜ ዙሩና ጀልባውን፣ ታንኳውን፣ መረቡን ከነዐይኑ ስፋት፣ መንጠቆውን ቁጠሩ። አባል ያልሆነውም ይቆጠር፤ እሱም የሚያወጣው ከዚያው ውኃ ነው። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በየወሩ 8 የመዝገብ ቀን ይኑራችሁ። ቀኖቹን ወሩ ሳይገባ በዕጣ አውጧቸው። መዝጋቢው በመሰለው ቀን ከሄደ ሳያስበው ዓሣ የሚበዛበትን የገበያ ዋዜማ እየመረጠ ሐይቁን ከእውነቱ በላይ ሀብታም ያስመስለዋል።

በመዝገቡ ቀን ለሚገባው ጀልባ ሁሉ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቀን፣ የጀልባው ቁጥር፣ ስንት መረብ እንደጣለ፣ የአንዱ መረብ ርዝመት በሜትር፣ የዐይኑ ስፋት፣ ስንት ሰዓት ተጥሎ ስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ ቆሮሶ ስንት ኪሎና ስንት ፍሬ፣ አምባዛ ስንት ኪሎና ስንት ፍሬ፣ ካርፕም እንዲሁ። ባዶውን የተመለሰ ጀልባ «0» ተብሎ ይጻፍ። ዜሮውን «ምኑ ይጻፋል» ብሎ መተው በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ መዝገቡን ከምንም በላይ የሚያበላሸውም እሱ ነው።

ስሌቱን በአንድ ጀልባ ላሳይዎ። ጀልባው 6 መረብ ጣለ፤ እያንዳንዱ 50 ሜትር ነው፤ በድምሩ 300 ሜትር። ጠዋት 9 ኪሎ ቆሮሶ ይዞ ገባ። 9 ለ3 ሲካፈል በ100 ሜትር መረብ 3 ኪሎ በሌሊት ይሆናል። በዓመቱ ያው ሰው 10 መረብ ጥሎ ያንኑ 9 ኪሎ አመጣ እንበል። አሁን መረቡ 500 ሜትር ስለሆነ 9 ለ5 ሲካፈል 1.8 ኪሎ ነው። ገበያ ላይ የቆመው ገዢ አንዳች ልዩነት አላየም፤ ቤት ያለችው ሚስትም ያው ገንዘብ ነው የደረሳት። መዝገቡ ግን ከመቶው 40 እጁ መጉደሉን ይናገራል። የወሩን አማካይ ስታወጡ የሁሉንም ጀልባ ኪሎ ደምሩ፣ የሁሉንም መረብ ሜትር ደምሩ፣ ከዚያ አካፍሉ። የየጀልባውን ውጤት ደምሮ ለጀልባ ቁጥር ማካፈል ሁለት መረብ ብቻ የጣለውን ሰው ሃያ ከጣለው እኩል ያደርገዋል። ዐይናቸው የተለያየ መረቦችም አንድ ላይ አይደመሩ፤ የ6 ሴንቲ ሜትሩ ለብቻው፣ የ8ቱ ለብቻው ይሰላ።

የመረብ ርዝመት ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሱቅ «100 ሜትር» ተብሎ የተገዛ መረብ ቡሽና እርሳስ ያለው ገመድ ላይ ሲሰፋ ስለሚታጠፍ ወደ 50 ሜትር ሊወርድ ይችላል። የሚጻፈው ውኃው ውስጥ የሚቆመው ርዝመት፣ ማለትም የላይኛው ገመድ ርዝመት ነው። ኪሎውም ሆዱ ሳይወጣ ይመዘን፤ አንዱ የጸዳ፣ ሌላው ያልጸዳ ከመዘነ ንጽጽሩ ይበላሻል። ለቤት ወጥ የተነሣው፣ ለረዳቱ የተሰጠውም ከሚዛን በፊት አይነሣ።

ወደ ርዝመቱ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። መለኪያ ሰሌዳ ለመሥራት 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ ጣውላ ውሰዱ፤ ለአምባዛ 1 ሜትር ይሁን። በአንደኛው ጫፍ ቀጥ ያለ መቆሚያ እንጨት ምቱ፤ የሜትሩ ዜሮ የሚጀምረው ከዚያ መቆሚያ ሥር ነው። ብዙ ሰሌዳ የሚበላሽበት ቦታም ይኸው ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ጫፉ ላይ ብረት ስላለው ሲለጠፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይንሸራተታል። ዓሣው አፉ ተዘግቶ መቆሚያውን ይነካል፣ በጎኑ ይተኛል፣ ጅራቱ ይሰበሰባል፣ የጅራቱ ጫፍ ያረፈበት ይነበባል። 17.8 ቢሆን 17 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁልጊዜ ወደ ታች። ሜትርን ሆዱ ላይ ጠምዝዞ መለካት ወፍራሙን ዓሣ ረጅም ስለሚያደርገው አይሆንም።

በወር ቢያንስ 150 ቆሮሶ ለኩ። ከአንድ ሰው ቅርጫት ከጀመራችሁ ያ ቅርጫት እስኪያልቅ ነው፤ ከላይ ከላዩ ማንሣት የለም፤ ሻጭ ትልልቁን ከላይ ነው የሚያስቀምጠው። ወረቀቱ ላይ 10፣ 11፣ 12 እያላችሁ እስከ 35 ወደ ታች ጻፉና በየዓሣው አንድ ጭረት አድርጉ። ሲጨርሱ ጭረቶቹ ራሳቸው ተራራ ሠርተው ይታያሉ። ተራራው 15 ላይና 20 ላይ ብቻ ሹል ሆኖ ከወጣ መዝጋቢው ሳይለካ እየገመተ ነው፤ ዓሣ በአምስት አምስት አያድግም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ከዚህ ተራራ ስንቱ ሳይወልድ ነው የተያዘው? ይህን ለማወቅ ሆድ መክፈት ያስፈልጋል። ሴቷን ከመራቢያ ቀዳዳዋ ጀምሮ በትንሽ ቢላዋ ወደ ፊት ክፈቷት። ከጀርባ አጥንቷ ሥር ሁለት የእንቁላል ከረጢት ታገኛላችሁ። እንደ ክር የቀጠነና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ደረጃ 1 ነው። ሮዝ ሆኖ ወፈር ብሎ ፍሬው በዐይን የማይለይ ከሆነ 2። ቢጫ ፍሬ በግልጽ ሲታይ 3። ሆዷን ሞልቶ፣ ፍሬው ትልልቅ፣ ጫን ሲሉት የሚወጣ ከሆነ 4። ከረጢቱ ልል ሆኖ፣ ደም ቢጤ ይዞ፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ከቀረበት 5 ነው። ከ3 ጀምሮ ያለው ለመራባት ደርሷል ይባላል። 2ን ወልዳ ዕረፍት ላይ ካለች ትልቅ ሴት መለየት ያስቸግራል፤ ለዚህ ሲባል ስሌቱ የሚሠራው የደረሱት በሚበዙበት የመራቢያ ወራት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከ16 እስከ 17.9 ሴንቲ ሜትር ካሉት 20 ሴቶች 5ቱ፣ ከ18 እስከ 19.9 ካሉት 20 ደግሞ 11ዱ ደርሰው ተገኙ እንበል። የመጀመሪያው ከመቶ 25፣ ሁለተኛው ከመቶ 55 ነው። ግማሹ፣ ማለትም ከመቶ 50ው፣ የሚደርስበት ርዝመት በ17 እና በ19 መካከል፣ ወደ 18.7 አካባቢ ይወድቃል። ይህን ቁጥር ከጣና ወይም ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጽሑፍ ቀድታችሁ አታምጡ። ቆሮሶ በብዙ መረብ ሲጠበብ በትንሽነቱ መውለድ የሚጀምር ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከሐይቅ ሐይቅ፣ ካንዱም ሐይቅ ከዘመን ዘመን ይለያያል። ይህ ርዝመት ከዓመት ዓመት እየወረደ መሄዱ ራሱ የሐይቁ ሕመም ምልክት ነው። «ዓሣው በ15 መውለድ ከጀመረ ታዲያ መረቡንም እናጥብበው» የሚል ክርክር ከተነሣ በፍጹም አትቀበሉት፤ ዓሣውን ወደ ታች እያሳደዱ መሄድ ነው።

ከዚያ መረቡን ለኩ። መረቡ እርጥብ ሆኖ አንዱን ዐይን በሁለት ጣት ወጥሩና ከቋጠሮ እስከ ትይዩው ቋጠሮ በማስመሪያ አንብቡ። አሥር ዐይን ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ነጋዴ «4» ብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ የዐይኑን አንድ ጎን ነው፤ ሲወጠር 8 ይሆናል። አባላት ስብሰባ ላይ «እኔ ሰፊ ነው የምጠቀም» «እኔም» እየተባባሉ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ ማስመሪያ ይዳኛቸው። በሻካራ ስሌት መረብ በብዛት የሚይዘው ቆሮሶ ርዝመት ከተወጠረው ዐይን 2.3 እጥፍ ገደማ ነው፦ የ6 ሴንቲ ሜትር መረብ ወደ 14፣ የ8ቱ ወደ 18፣ የ9ኙ ወደ 21፣ የ10ሩ ወደ 23። የእናንተ ዓሣ ከሳ ወይም ወፈር ያለ ሊሆን ስለሚችል ይህን በራሳችሁ ልኬት አርሙት፤ የእያንዳንዱን መረብ ዓሣ ለየብቻ ከለካችሁ በአንድ ወር ይታወቃል። ከላይ ባለው ምሳሌ ግማሹ በ18.7 የሚደርስ ከሆነ የ8 ሴንቲ ሜትር መረብ ገና የሚደርሰውን ነው የሚለቅመው። 9 ይሻላል፣ 10 ደግሞ እንቅልፍ ይሰጣል።

አባላት ይህን ሲሰሙ «ኪሎ ሊቀርብን ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ለጥቂት ወራት ይቀንሳል፤ ይህን ቀድሞ አለመናገር እምነት ያሳጣል። ነገር ግን የዓሣ ክብደት ከርዝመቱ በላይ በጣም ፈጥኖ ነው የሚያድገው። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ የተያዘ ቆሮሶ 80 ግራም ገደማ ቢመዝን ያው ዓሣ 22 ሲሆን ከ200 ግራም በላይ ነው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል አልፏል። እስከዚያም ቢያንስ አንድ ጊዜ ወልዷል። ገበያውም 200 ግራሙን እንደ ዓሣ ይገዛዋል፤ 80 ግራሙን በክምር ነው።

የአጥማጁ መዝገብ አንድ ድክመት አለው፦ አጥማጅ ዓሣ ያለበትን እየፈለገ ስለሚጥል ሐይቁ እየተራቆተም የሱ ውጤት ደኅና ሊመስል ይችላል። ለዚህ ማህበሩ የራሱ የመፈተሻ መረብ ይኑረው። 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሴንቲ ሜትር ዐይን ያላቸው አምስት መረቦች፣ እያንዳንዳቸው ገመድ ላይ 25 ሜትር፣ ክራቸው ተመሳሳይ ውፍረት። በሐይቁ ዙሪያ ቢያንስ 6 ቋሚ ቦታ ምረጡ፦ ግማሹ ጥልቀቱ ከ5 ሜትር ያነሰ፣ ግማሹ ከ5 እስከ 15 ሜትር። ከዚያ በታች ብዙ አትድከሙ፤ እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐይቅ የታችኛው ውኃው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ዓሣውም ላይ ላዩን ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ይጣል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሣ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየዓመቱ በዚያው ወርና ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት ይሁን፤ በጨረቃ ብርሃን ዓሣ መረቡን ስለሚያይ መያዙ ይቀንሳል። የ4 ሴንቲ ሜትሩ መረብ ጫጩቱን የሚያሳያችሁ ብቸኛ ዐይናችሁ ነው፤ ከፈተናው ውጭ ግን ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ለማጥመድ አይዋል።

ቁጥሮቹ ሲገኙ አብረው ነው የሚነበቡት። ኪሎ በ100 ሜትር እየወረደ ርዝመቱም እያጠረ ከሆነ ዓሣው ሳያድግ እየተለቀመ ነው፤ መድኃኒቱ የመረቡን ዐይን ማስፋትና የመረቡን ቁጥር መቀነስ ነው። ኪሎው እየወረደ አማካይ ርዝመቱ ግን ካልቀነሰ፣ እንዲያውም ከጨመረ፣ ትልልቆቹ አሉ፣ የሚተካቸው ግን አልመጣም፤ ያኔ የሚፈለገው ችግር መራቢያው ዳር ላይ ነው። ርዝመቱ አጥሮ ኪሎው ካልወረደ አንድም በዚያ ዓመት ጫጩት በዝቷል፣ አንድም ሰው በድብቅ መረብ አጥብቧል፤ ሁለቱን የሚለየው የመፈተሻው መረብ ነው። የእናንተ ሁኔታ፣ እንደጻፉት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ይመስላል። በአንድ ወር ብቻ የታየ መውረድ ግን አያስደንግጣችሁ። ክረምት ደለል ሲገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው እንቅስቃሴውን ይቀይራል። በብርድ ወራት ነፋስ ጠንክሮ የታችኛው ኦክስጅን የሌለው ውኃ ወደ ላይ ቢደባለቅ ዓሣ ላይ ላዩን አፉን ከፍቶ ሲያጣጥር፣ ሲሞትም ሊታይ ይችላል። ያን ቀን መዝገብ ላይ በቀይ ጻፉት፤ የሞተውም አይሸጥ።

ወደ ጫጩቱ ልመለስ። ቆሮሶ ለሎጎ ሐይቅ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከውጭ መጥቶ የተጨመረ ነው። ከዚያች ጥቂት ዘር ተነሥቶ ነው ሐይቁን የሞላው። ይህ ዓሣ መራባት አያቅተውም፤ ያቃተው ማደግ ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር መረብ በተከበበ ሐይቅ ላይ ጫጩት ማፍሰስ መረቡን መቀለብ ነው። በዚያ ላይ ሎጎ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ አንዴ የገባ በሽታ፣ ጥገኛ ትል ወይም ያልተፈለገ የዓሣ ዓይነት ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ከሌላ ውኃ፣ ከጎረቤታችሁ ከአርዲቦ ሐይቅም ቢሆን፣ ያለ ባለሙያ ምርመራና ያለ ፈቃድ ሕያው ዓሣ አታዛውሩ። ጫጩት ቦታ የሚኖረው የመፈተሻው የ4 ሴንቲ ሜትር መረብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ባዶውን ሲወጣ ነው።

ሙሉ መዝጋትም የራሱ ጣጣ አለው። የሚዘጋው ሕጉን በሚያከብረው ላይ ነው፤ በሌሊት የሚገባው አይዘጋም። ሲከፈትም ዓመቱን ሙሉ የጠበቀ ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ይገባል፤ የተጠራቀመው በጥቂት ሳምንት ያልቃል፣ መረቡ ደግሞ ያው ጠባቡ ነው። የሪፍ አጥማጆች አገርም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዓሣው የሚራባበትን ቁራሽ ቦታ በቋሚነት መተው ነው።

የእናንተ ቁራሽ ቦታ የት እንደሆነ ማወቅ አይከብድም። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ዳር፣ አሸዋ ወይም ለስላሳ ጭቃ ላይ፣ በአፉ እየቆፈረ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ነፋስ በሌለበት ጠዋት በጀልባ ቀስ ብላችሁ ዳሩን ስትዞሩ ነጣ ያሉ ክቦች ተደርድረው ታያላችሁ። እነዚያን በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ዙሪያውን ቀለም በተቀባ ተንሳፋፊ ጀሪካን ከልሉ፣ ከዳር የሚጎተት መረብ በዚያ ፈጽሞ አይግባ፤ አንድ ጊዜ ሲጎተት ጎጆውንም ጫጩቱንም ይጠርጋል። ከብት የሚጠጣበት ቦታም ከዚያ ራቅ ይበል።

ሴቷ እንቁላሉን እዚያ አትተወውም፤ አፏ ውስጥ ይዛው ትሄዳለች፣ ተፈልፍለው ከወጡም በኋላ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። መረብ ስታነሡ ጉሮሮዋ ሥር ያበጠ፣ አፏን ጥርቅም ያደረገች ሴት ካገኛችሁ እሷ ናት። አፏን አትክፈቱ፣ ሆዷን አትጨብጡ፤ የመረቡን ክር በመቀስ ቆርጣችሁ ውኃው ውስጥ እንዳለች ልቀቋት። ሁለት የመረብ ዐይን ይበላሻል፤ በምላሹ ብዙ መቶ ጫጩት ይተርፋል። ጀልባው ወለል ላይ ቢጫ ፍሬ ፈስሶ ከታየ የአንዲት ሴት ሙሉ ልጅ ነው የፈሰሰው፤ ያ ቀን በመዝገቡ ይጻፍ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ የመራቢያውን ወር ይነግራችኋል።

የክልከላው ወር የሚወሰነውም እንዲሁ ነው። በየወሩ ከተከፈቱት ሴቶች ስንቶቹ 4 እንደሆኑ ጻፉ፤ ቁጥሩ ከሁሉ የሚበልጥባቸው ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ወራት የእናንተ ወራት ናቸው። ዐቢይ ጾም ላይ የዓሣ ፈላጊው እንደሚበዛ ታውቃላችሁ፤ ዋጋው ሲወደድ ሁሉም መረብ ይጨምራል። የደረሱ ሴቶች የሚበዙበት ጊዜ ከጾሙ ጋር ከገጠመ ያኔ ማጥመድ ሙሉ በሙሉ ይቁም ማለት አይሠራም፤ ለአንድ ጀልባ የመረብ ቁጥር ወስኑ፣ ዳሩን ብቻ ዝጉ፣ ከዳር ራቅ ያለው ውኃ ይጠመድበት።

ስለ አምባዛ ባጭሩ። እሱ እንቁላሉን አይጠብቅም፤ ዝናብ ሲጠና ውኃ የተኛበት ሣርና የወንዝ መግቢያ ላይ ይጥላል። ከአርዲቦ የሚወርደው አንከርካ ወንዝ ሐይቁን በሚገባበት አፍ ላይ፣ በክረምት መግቢያ፣ መረብ ከዳር እስከ ዳር አይዘርጋ። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ ከመንጠቆ ላይ የተለቀቀ ትንሽ አምባዛ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ስለዚህ ለእሱ «ከዚህ ርዝመት በታች ይለቀቅ» የሚል ደንብ ይሠራል። ለቆሮሶ አይሠራም፤ ከመረብ ሲላቀቅ ቅርፊቱ ስለሚረግፍ ቢለቀቅም ብዙው ላይተርፍ ይችላል። ብርብራ (ዓሣ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ) ወቅጦ ውኃ ላይ መበተን ደግሞ ትንሽ ትልቅ ሳይለይ ጫጩቱን ከነምግቡ የሚፈጅ ነው፤ መርዝና ፈንጂ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከሉ ናቸው። የጠፋ የናይሎን መረብም ሳይበሰብስ ለወራት ዓሣ እየያዘ ይገድላል። በየመረቡ ቡሽ ላይ የጀልባው ቁጥር ይቃጠልበት፣ መረብ የጠፋበት ሰው በማግስቱ ይናገር፣ ማህበሩም በመልሕቅ ጎትቶ ይፈልግለት። የጠፋበትን የሚቀጣ ደንብ አታውጡ፤ ቅጣት ካለ ማንም አይናገርም።

መረብ መቀየሩን በአንድ ቀን አታድርጉት። ነባሩ መረብ እስኪያልቅ ይሥራ፤ አዲስ የሚገዛ ግን ከ9 ሴንቲ ሜትር በታች አይግዛ፣ ለዚህም ቀን ይቆረጥለት። ግዢውን ማህበሩ በጅምላ ቢያደርገው ዐይኑን መቆጣጠርም ዋጋውን መቀነስም ይቻላል። ከአባል ውጭ ያሉት አጥማጆች በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መገኘት አለባቸው፤ እነሱ ያልፈረሙበት ደንብ ጠባቡን መረብ ለእነሱ መተው ነው። ወረዳው የሚያጸድቀው በወረቀት ነው፤ ጠብ ሲነሣ የሚያበርደው ግን ሰው ነውና በአካባቢያችሁ የሚሰሙ አባጋሮች (ጠብ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች) እና የሃይማኖት አባቶች፣ ከመስጊዱም ከገዳሙም፣ ከመጀመሪያው ይቀመጡበት።

በዚህ ሳምንት ማስመሪያ፣ አንድ ደብተርና የተስተካከለ ሚዛን ይበቃችኋል፤ የሁሉንም አባል መረብ ዐይን ለኩና ዝርዝሩን ጻፉ። የሦስት ወር መዝገብ ሲሞላ የርዝመቱን ጭረት ወረቀት፣ ከተከፈቱት ሴቶች የደረሱትን ቁጥር በየርዝመታቸው፣ የየመረቡን ኪሎ በ100 ሜትር አብራችሁ ላኩልኝ፤ 9 ይሁን 10 የሚለውን ያኔ በእናንተው ዓሣ እንወስነዋለን።